እስከ ጫፉ ቀይ

እባብ የምትፈሩ አትነሡ። የማወራችሁ ስለ አይጥ በል እባብ ነው፤ መርዝ የላትም፣ ሰው አታሳድድም፣ ብትነክስ እንኳ ከጽጌረዳ እሾህ የባሰ አታደማም። እኛ የኦኪቾቢ ሐይቅ ዳር ሰዎች፣ ሌላው ሰው ድመት እንደሚያሳድገው ነው የምናሳድጋት።

እኔ ኦፓል እባላለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በስኳር ፋብሪካው ምግብ ቤት ዓሣ ስጠብስ ነው። ነገር ግን ስለ እነዚህ እባቦች የማውቀውን አውቃለሁ፤ አለማወቄን ማወቅ ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ይሄ ታሪክ የሁለተኛው ነው።

አይጥ በሏ ብዙ ዓይነት ናት። የተማሩት ንዑስ ዝርያ ይሉታል፤ እኔ እኅትማማቾች እላቸዋለሁ። ከሰሜን በኩል ግራጫዋ አለች። በባሕሩ ዳርቻ ቢጫዋ አለች፣ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ አራት ጥቁር መስመር የተሰመረባት። እዚህ እኛ ዘንድ፣ ሸንኮራው በሚበቅልበት ጥቁር አፈርና በቦዮቹ ዳር፣ የረግረጓ ብርቱካናማ ትኖራለች። ሲያድጉ በመልክ ይለያያሉ። ከእንቁላል ሲወጡ ግን ሁሉም ግራጫ ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ ጥቁር እራፊ የተጣፈባቸው ይመስል። ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ማን ማን እንደሆነች የወለደቻቸውም አታውቅም።

ኦርቪል ቲድዌል ግን የሚያውቅ ይመስለን ነበር። ኦርቪል የቦዩ ውሃ መሳቢያ ጠባቂ ነበር። ሞተሩ ቤት ውስጥ ሙቀት ፈልገው የሚገቡትን ብርቱካናማ እባቦች ማራገቢያው ሳይቆራርጣቸው እያወጣ፣ በትራስ ልብስ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር። ሁላችንም እባብ የምንይዘው በትራስ ልብስ ነው፤ እዚህ አገር የባሏ ትራስ ራቁቱን የተገኘባት ሚስት እባቡን እንጂ ሌባውን አትፈልግም። ኦርቪል ደግሞ አንድ ነገር ነበረው፦ ሣጥን ላይ ስም ጽፎ አያውቅም። «እባቧን የማያውቃት ሰው ወረቀቱን አንብቦ ምን ሊጠቅማት ነው?» ይል ነበር።

ከጊዜ በኋላ የቦዩ ዳር ዛፎች ተቆረጡ፣ ሣሩም በመኪና ይታጨድ ጀመር፤ ብርቱካናማዎቹም እየሳሱ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ከዚያ ቦይ የመጣ ንጹሕ ዘር ሁለት ብቻ ቀረ። አንዷ ሴት ኦርቪል ቤት፣ አንዱ ወንድ እኔ ቤት። «በጸደይ እናገናኛቸዋለን» ተባብለን ነበር። በየካቲት ኦርቪል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

የእኅቱ ልጅ ጁኔል መጥታ ቤቱን ስታዘጋጅ ስድስት እባብና አንድ ደብዳቤ አገኘች። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፤ አንደኛው ክፍት፣ ሁለተኛው የታሸገ። ክፍቱ እንዲህ ይላል፦ «ጁኔልዬ፣ ስድስቱን እባቦች የእባብ አሳዳጊዎች ማኅበራችን በሚያዝያ ሲሰበሰብ ጠረጴዛ ላይ ደርድሪያቸው። ከነዚህ ውስጥ የቦዩዋ አንዷ ብቻ ናት። ለይቶ የሚያውቃት ሰው ይውሰዳት። ሁሉም አንዴ ብቻ ይምረጥ፣ ለምን እንደመረጠም ይናገር። በግምት ለመታ አትስጪ። የታሸገውን ሁሉም መርጠው ከጨረሱ በኋላ ክፈቺው።»

እንግዲህ ነገሩ ገብቷችኋል። እሷን ካላገኘሁ የቦዩ ዘር በእኔው ሽማግሌ ወንድ እባብ ያከትማል። ሌላ ሰው ከወሰዳት ደግሞ ካገኘው ደማቅ እባብ ጋር ያዳቅላታል፤ ያም ያው መጨረሻዋ ነው።

ማን ሊወስዳት እንደሚፈልግም እናውቅ ነበር። ኮልተር የሚባል ጎበዝ ልጅ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። እባቦቹ ከብርቱካን ይልቅ ብርቱካን ናቸው፤ ፎቶአቸውን በስልክ ሲለቅ ከየአገሩ ሰው ይጽፍለታል። መጥፎ ልጅ አይደለም። ግን ዓይኑ ቀለም ላይ ብቻ ነው፤ በፎቶ ላይ ደግሞ ከቀለም ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከኦርቪል በቀር ማንም የማያውቀውን።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ትልቁ አውሎ ነፋስ የኋላ በረንዳዬን ጣሪያ ወሰደው። በረንዳው ላይ ሁለት ሣጥን የእባብ ልጆች ነበሩኝ፣ በአንድ ሳምንት የተፈለፈሉ። አንደኛው ከቦዩ ዘር ንጹሕ። ሁለተኛው ድቅል፦ የባሕር ዳርቻው ቢጫ ወንድ ከቦዩ ሴት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚወጣ ለማየት ብዬ ያስፈለፈልኳቸው። ነፋሱ ሲያልፍ ሣጥኖቹ ተገልብጠው፣ ስም የጻፍኩበት ወረቀት ረጥቦ ተልጦ፣ ትንንሾቹ ሁሉ አንድ ጥግ እርጥብ ፎጣ ሥር ተሰብስበው አገኘኋቸው። ሁሉም ግራጫ። ሁሉም ባለ እራፊ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? «አላውቅም» ማለት። ይኼው ነው፣ አንድ ቃል። ግን ሰው ሁሉ እባቡን ይዞ «ኦፓል፣ ይቺ የትኛዋ ናት?» እያለ የሚመጣው እኔ ጋ ነበር። ኮራሁ፣ ልጆቼ። በዓይኔ ለየኋቸውና አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። አንዷን «የቦዩ ንጹሕ» ብዬ ለኦርቪል ሰጠሁት።

አደገች። ቀለሟ ከእውነተኛዎቹ የበለጠ እውነተኛ ሆነ! ምላሷም ቀይ። የረግረጓ ምልክት ምላሷ ነው፤ የቢጫዋ ጥቁር ነው፣ የእሷ ቀይ። ኦርቪል አምኖኝ አራባት፣ ልጆቿንም ለሰው ሰጠ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። «ኦፓል» አለኝ፣ «የሰጠሽኝ እባብ ምላሷ ቀይ ነው። መንታው ጫፉ ግን ጥቁር ነው። ልጆቿም እንደዚያው።» ገባኝ። አለቀስኩ። «ሰው አልሞተም» አለኝና የራሱን መሐረብ ሰጠኝ። ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። አልተናገረም።

እንግዲህ ወደ ሚያዝያው ቀን።

ስብሰባው ፓሆኪ ከተማ ባለው የገበሬዎች አዳራሽ ነበር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ። የመጨረሻው የሸንኮራ ማሳ ከአጨዳ በፊት እየተቃጠለ ስለነበር ጥቁሩ አመድ እንደ ላባ በመስኮት ይገባል። ሃርላን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ደጅ ላይ ዓሣውን በበቆሎ ዱቄት እያንከባለለ ይጠብሳል። ስደርስ አየኝና፣

«ኦፓል! አልሞትሽም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር?» አልኩት።

ጠረጴዛው ላይ ስድስት የመስታወት ሣጥን ተደርድሯል፣ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፎባቸው። እያንዳንዱ ሣጥን ሥር እባቧ የመጣችበት የትራስ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። ጁኔል የትራስ ልብሱን ማንም እንዳይነካ ተናግራ አጠገቡ ቆማለች፣ የአጎቷን ኮፍያ አድርጋ።

አንደኛዋ ግራጫ ናት፣ ልጅ እንኳ አይሳሳትባትም። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ባለ አራት መስመር ቢጫ። ስድስተኛዋ ከግራጫውም ከቢጫውም የተቀላቀለች። አምስተኛዋ ግን፣ አቤት! እንደ ፍም የምታበራ ብርቱካናማ፤ መስመሯ እንኳ ደብዝዞ የለም ማለት ይቻላል። አራተኛዋ የጭቃ ቀለም ያላት፣ ተጠቅልላ ጥግ የያዘች፣ ዓይኖቿ ወተት የፈሰሰባቸው የሚመስሉ።

«ይቺ ደግሞ ሞታለች?» አለ አንዱ፣ አራተኛዋን እያየ።

«ኦርቪልን ተከትላ መሄዷ ነው» አለ ሌላው። ተሳቀ።

ስምንት ሰው ተራ በተራ መረጠ። ስምንቱም አምስት ቁጥር። ኮልተር ስምንተኛ ነበር። እሱ እንኳ ዝም ብሎ አልመረጠም፤ ጎንበስ ብሎ ምላሷን እስክታወጣ ጠበቀ።

«ቀይ ነው! አያችሁ? ቀይ!» አለ። «ቀለሟ ያው፣ መስመሯ የጠፋ፣ ምላሷ ቀይ። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ይፈለጋል?»

ሰዉ አጨበጨበ። የቀረሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ላይ ሞራ ወጥቶ ስለነበር መጽሐፍ ቅዱሴን የማነብበትን አጉሊ መነጽር በአንገቴ አንጠልጥዬ ነው የመጣሁት።

«እማማ ኦፓል፣ ላንብብልዎት?» አለኝ ኮልተር።

«ቁጥሩን ነው እባቧን?»

«ሁለቱንም!»

«ቁጥሩን አንብብልኝ። እባቧን ለእኔ ተዋት።»

ከቦርሳዬ መሐረብ አወጣሁ። ጠዋት የመስኮቴ መስታወት ላይ የሚለጠፉትን አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች በደንብ አሽቼበት ነበር። አይጥ በል እባብ ልጅ ሆና የምትበላው እንቁራሪት ነው፤ ካረጀች በኋላም ሽታውን አትረሳውም። ሽታ የሚገባት ደግሞ በምላሷ ነው።

ሃርላን አፍንጫውን ያዘ። «ኦፓል፣ እንቁራሪት ይዘሽ መጣሽ?»

«እንቁራሪቷ ቤት ናት። ላቧን ነው ያመጣሁት።»

የአምስተኛዋ ሣጥን መተንፈሻ ላይ መሐረቡን አስጠጋሁ። ወዲያው ምላሷን አወጣች፣ አወዛወዘችው። አጉሊ መነጽሩን ደቅኜ አየሁ። ቀይ፣ ቀይ፣ ከዚያ መንታው ጫፍ ላይ እንደ ተቃጠለ ክብሪት ራስ ጥቁር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገናኘን ዘመዳሞች ነን። የእኔዋ ናት። የውሸቴ የልጅ ልጅ።

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባል የለ? ተያየን።

ከዚያ ወደ አራተኛዋ ሄድኩ። ወተት የመሰለ ዓይኗ ሌላ ምንም አይደለም፣ ቆዳዋን ልትለውጥ ተቃርባለች። እባብ እንዲህ ስትሆን ቀለሟ ይሞታል፣ አጥርታ አታይም፣ ትደበቃለች፣ ሰው አጠገቧ እንዲደርስ አትፈልግም። እኔም በሞራ ዓይኔ፣ እሷም በወተት ዓይኗ፤ ሁለት ዕውር ፊት ለፊት ተቀመጥን። መሐረቡን አስጠጋሁ። ዝም። ትንሽ ቆየሁ። ዝም።

«እማማ፣ እሷ ምላሷን እስክታወጣ ዓሣው መቀዝቀዙ ነው» አለ ኮልተር።

«ብላ ልጄ፣ ማን ከለከለህ? እኔ ቀጠሮ የለኝም።»

ወንበር ሳቡልኝ። ክንዴ ዛለ፤ ጁኔል መጥታ ክርኔን ደገፈችልኝ። ውጭ የዘይቱ መንጨርጨር ብቻ ይሰማል። ከዚያ ያ የተጠቀለለው ጭቃ ትንሽ ተነቃነቀ። አፍንጫዋ ከጥቅልሉ ውስጥ ወጣ። ምላሷ ወጣ፤ አልቸኮለችም፣ ወደ ላይ አንዴ፣ ወደ ታች አንዴ፣ አየሩ ላይ ትንሽ አቆየችው።

ቀይ። እስከ ጫፉ ቀይ። ሁለቱም ጫፍ።

«አራት ቁጥር» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኮልተር ግን አልሳቀም፤ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ምክንያቱን መናገር አለብዎት። ደብዳቤው ይላል።»

«የአምስተኛዋ ምላስ ጫፉ ጥቁር ነው። የዚህችኛዋ እስከ ጫፉ ቀይ ነው።»

ሁለቱንም በእኔው አጉሊ መነጽር አያቸው። ረጅም ጊዜ አየ። «እሺ፣ ጫፉ ጠቆር ይላል። ታዲያ ምን ይሁን? ከዕድሜ ሊሆን ይችላል። የእኔዎቹ ሁሉ እንደዚህ ናቸው! ድቅል መሆኗን በምን አወቁ?»

እውነቱን ነው። ይሄ ምክንያት በቂ አልነበረም። በቂ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ያ የበረንዳዬ ምስጢር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ኦርቪልም የለም። ግን ዝም ካልኩ ያቺ ጥግ የያዘች እባብ ታልፈኛለች።

ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሣሁ።

«አያቷን እኔ ስላስፈለፈልኳት ነው» አልኩ። «በአውሎ ነፋሱ ዓመት። ንጹሖቹና ድቅሎቹ ተቀላቀሉብኝ። ሁሉም ግራጫ ነበሩ፣ አላውቃቸውም ነበር። አላውቅም ማለት አፈርኩና የማውቅ መስዬ ስም ጻፍኩባቸው። ኦርቪል በእኔ ወረቀት አምኖ አራባቸው። ጫፉ ጥቁር የሆነ ምላስ ሁሉ ከዚያ በረንዳ የወጣ ነው። ለአንዳንዶቻችሁም እባብ ለይቼላችኋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኮልተር ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ ነጥቷል።

«የእኔዎቹስ?» አለ ቀስ ብሎ። «የመጀመሪያዋን የሰጠኝ ኦርቪል ነበር።»

«ያንተዎቹም፣ የኔ ልጅ። ያንተ ጥፋት ግን አይደለም። የእኔ ነው።»

ጁኔል የታሸገውን ወረቀት በጥርሷ ቀደደችው። ጮክ ብላ አነበበች። «የቦዩዋ የመጣችበትን የትራስ ልብስ ገልብጡት። ስፌቱ ውስጥ ቀይ ክር ሰፍቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ተጋፋ። ጁኔል መጀመሪያ የአምስተኛዋን ገለበጠች። ስፌቱ ነጭ ነው፣ ዳር እስከ ዳር ነጭ። ከዚያ የአራተኛዋን ሳበች። እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ገለበጠችው፣ ጥጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው።

እኔ በሞራ ዓይኔ እንኳ አየሁት። ጣት የምታህል ቀይ ክር፣ በወንድ እጅ የተሰፋች፣ ጠማማ።

ልጆቼ፣ ያ ጩኸት! ሃርላን የዓሣ መገልበጫውን ይዞ እየጨፈረ ገባ፣ ዘይቱ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ። «ዕውሯ ለየቻት! ስምንት ባለ ዓይን አሸነፈች!» እያለ ያቅራራል። የሚያቅፈኝ ያቅፈኛል፣ የሚስመኝ ይስመኛል። ጁኔል «ቆይ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም!» ብላ ወንበር ላይ ወጣች።

«ይቺን የመረጠችው ኦፓል ከሆነች» አለች እያነበበች፣ «ያንን ነገር ለማንም እንዳልተናገርኩ ንገሯት። እሷ ራሷ ከተናገረች ደግሞ ሁለት ሳህን ዓሣ ስጧት።»

አልቅሼም ስቄም አላውቅም እንደዚያ። ሁለት ሳህን በላሁ። ሦስተኛውን ሃርላን ከለከለኝ።

እባቢቱን በዚያው የትራስ ልብስ ቋጥሬ ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። በአምስተኛው ቀን ቆዳዋን ለወጠች። ያንን የጭቃ ካልሲ አውልቃ ስትወጣ ባያችኋት! ደማቅ አይደለችም፤ እንደ ኮልተሮቹ አታበራም። የበሰለ መንደሪን ልጣጩ እንደሚመስለው ለስላሳ ብርቱካናማ፣ አገጯ ሥር ድረስ። ሽማግሌው ወንድ ሦስት ቀን ሳይበላ ሣጥኗን ሲዞር ሰነበተ። በሰኔ ወር ውስጥ አሥራ አራት እንቁላል ጣለች። በነሐሴ አሥራ ሦስቱ ተፈለፈሉ፣ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ባለ እራፊ። እኔ የቦዩን ልጆች በመዳፌ ይዤ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

በመስከረም ኮልተር መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ስልኩ ላይ ያሉትን እባቦች ሁሉ «ድቅል» ብሎ ጽፎባቸዋል፤ አንዳንዱ ሰው ተቀይሞታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ይበልጥ አክብሮታል።

«እማማ፣ አንዲት ይሰጡኛል ብዬ ነው» አለ፣ እንደ ልጅ እያፈረ። «ከምንም ጋር አላዳቅላትም። የቦዩን ዘር ሁለት ቤት እናድርገው ብዬ።»

ገብቼ ሁለት ሣጥን ይዤ ወጣሁ። አንደኛው ውስጥ የእኔዎቹ። ሁለተኛው ውስጥ ከእነሱ ጋር በአንድ ሳምንት የጎረቤቴ ቢጫዋ የፈለፈለቻቸው። ሁለቱም ላይ ምንም አልተጻፈም።

«የቦዩዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ተንበረከከ። አንዷን አንሥቶ አገጯን አየ፣ መለሳት። ሌላዋን አነሣ። በዚያ ዕድሜ ምላሳቸውም አያስተማምንም፤ እሱም አልተማመነበትም። የበረንዳው ማራገቢያ እየዞረ ብዙ ቆየ። ላቡ ከግንባሩ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ቀና ብሎ በቀጥታ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አላውቅም፣ እማማ።»

ኦርቪል ቢኖር በሰማው ብዬ አሰብኩ። የእኔዎቹ ካሉበት ከግራው ሣጥን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አንሥቼ ይዞት በመጣው የትራስ ልብስ ውስጥ ከተትኩለት። አንድ ጠይቆ ሁለት ሲያገኝ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሣጥናቸው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ ሲነሣ።

«የተፈለፈሉበትን ቀን» አልኩት። «ሌላውን እነሱ ራሳቸው ይነግሩሃል። ሁለት ዓመት ጠብቃቸው።»

ደረጃውን ወርዶ የትራስ ልብሱን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ መኪናው ሄደ። እኔም ገብቼ የእናቲቱን ሣጥን ከፈትኩ። እጄ እንቁራሪት እንደሚሸት ረስቼው ነበር። ቀና ብላ ጣቴን ላሰችኝ።